መትከልና መጽደቅ፤ ደን በኪነ ጥበባችን ውስጥ

፩

በአማርኛ ስለ ችግኝ ሲነገር ሁለት ግሦች ይከተላሉ። አንደኛው «ተተከለ» ነው፤ ሁለተኛው «ጸደቀ» ነው። የመጀመሪያው የሰውን ሥራ ይገልጣል። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ችግኙ ገባ፣ አፈር ተመለሰበት ማለት ነው። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ይናገራል። ሥሩ መሬት ያዘ፣ በጋውን ተሻገረ፣ ከፍየል ጥርስና ከእሳት ተርፎ በራሱ ቆመ ማለት ነው። ይኸው ግሥ ለሰው ሲነገር በምግባሩ ተፈትኖ ለመንግሥተ ሰማያት የበቃውን ያመለክታል። የአራሹ ቋንቋ ለሁለቱ አንድ ቃል ማደሉ ያለ ምክንያት አይመስልም፤ የተክልም ሆነ የሰው መጽደቅ የሚታወቀው ከፈተናው በኋላ ነውና።

የአገራችን ኪነ ጥበብ ስለ ደን፣ ስለ አፈርና ስለ ውሃ ብዙ ተናግሯል። ተገጥሟል፣ ተዘፍኗል፣ ተሥሏል፣ በመድረክም ቀርቧል። ይሁን እንጂ ሥራዎቹ በአንድነት ተሰብስበው ቢመረመሩ አብዛኞቹ ከሁለት ስፍራ በአንዱ ቆመው ይገኛሉ፤ ወይ ዛፍ ሲተከል ያጨበጭባሉ፣ ወይ ዛፍ ሲቆረጥ ያለቅሳሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ረዥም ዘመን፣ ይኸውም ተክሉ የሚጸድቅበት፣ የሚጠበቅበት፣ ስለ እርሱም ጎረቤት ከጎረቤት የሚካሰስበትና የሚታረቅበት ጊዜ፣ ባለቤት ያጣ መስክ ሆኖ ቆይቷል። ጉድለቱ የውበት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሐያስያን ክርክር በተተወ ነበር። ነገር ግን ዋጋው በመሬቱም ላይ የተከፈለ በመሆኑ ጉዳዩ ከሐያስያን ክበብ ወጥቶ ሊታይ ይገባዋል።

፪

ከጽሑፍ በፊት የነበረው የቃል ሀብት የአካባቢን ለውጥ ቀድሞ ያየ መሆኑን ሁለት ተረቶች ብቻ ያስረዳሉ። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው የሚጠቀሰው መጠጊያ ሳይኖረው ጓዝ የሚያበዛን ሰው ለመሸንቆጥ ነው። ሆኖም ተረቱ ከምሳሌነቱ በፊት ምስክርነት ነው። በክረምት አፋፍ ላይ ቆሞ የደፈረሰውን ወንዝ የተመለከተ ሰው ያየውን ነው የተናገረው። ግንዱ ከአንድ ተዳፋት ተነቅሏል፤ ግንዱ የቆመበት አፈርም አብሮ ሄዷል። ተረቱ የወንዙን ዕጣ በሚገባ ሣለ፤ ግንዱ ከማን ማሳ እንደ መጣ ግን አልጠየቀም።

ይህን ጥያቄ ኋላ የመጡት የመስኖና የግድብ ባለሙያዎች በቁጥር ጠየቁት። ዓባይ በየዓመቱ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ ወደ ሱዳን ያወርደው የነበረው ደለል ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚሆን ተገምቷል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረው የሮሴሪስ ግድብ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከመያዝ አቅሙ ሲሶ ያህሉን ለዚህ ደለል አስረክቧል። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ብዙ ዘፈንና ብዙ ግጥም ተደርሷል፤ የጥንቱም ተረት ተገልብጦ «ዓባይ ማደሪያ አገኘ» ተብሏል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ከኋላው ተኝቷል። የደስታው ዜማ ተገቢ ነው። ነገር ግን ማደሪያ ያገኘ እንግዳ ጓዙንም ይዞ ያድራል። ቀድሞ ወደ ሱዳን ያልፍ የነበረው አፈር ዛሬ አብዛኛው በዚያው ሐይቅ ውስጥ ይቀመጣል። የጎጃም፣ የወሎና የወለጋ ተዳፋት ልብስ አግኝቶ እንደ ሆነ ወይም እንደ ተራቆተ እንደ ሆነ የግድቡ ዕድሜ ይመሰክራል። ተረቱን የገለበጡት ገጣሚዎች የመጀመሪያውን ሐረግ ብቻ ገልብጠው ሁለተኛውን፣ ማለትም ግንዱን፣ ትተውታል።

ሌላው ተረት «ትልቅ ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» የሚለው ነው። የሚነገረው ብቃት የሌለው ሰው የታላቁን ወንበር ሲይዝ ነው። እምቧጮ ግን በተጎዳና በተራቆተ ተዳፋት ላይ በርትቶ የሚበቅል ቁጥቋጦ መሆኑን ገበሬው ያውቃል። ተረቱን የፈጠረው ሰው ዋርካ የጠፋበትን፣ እምቧጮ የወረሰውን ቦታ በዓይኑ አይቷል ማለት ነው። የቃል ጥበባችን ከዘመናዊው ሳይንስ አስቀድሞ የመሬትን መጎሳቆል መዝግቦ አኑሯል። የጎደለው ነገር ቢኖር ዋርካውን ለማቆየት የታገለ ሰው በተረቱ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

፫

ወደ ዘመናዊው ሥነ ጽሑፍ ሲመጣ መሬት ጎልቶ የሚታየው በርስትነቱና በግብሩ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ባላገር በፊታውራሪ መሸሻ ላይ በአበጀ በለው መሪነት ሲያስነሣ፣ የክርክሩ ነገር ገበሬው ለጌታው የሚከፍለው ነው። ለዘመኑ ዋናው ጥያቄ ይኸው ስለ ነበረ ደራሲው በትክክለኛው ቁስል ላይ ጣታቸውን አሳርፈዋል። አፈሩ ራሱ፣ የሚደክምና የሚያገግም ነገር መሆኑ፣ ከትረካው ዳር ቀርቷል። በ1962 ዓ.ም. የወጣው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። የሰሜን ሸዋን ደጋና ቆላ መልክ በዝርዝር የሚሥለው ዓይን ለቦታው ከጌጥ ያለፈ ክብደት ሰጥቶታል፤ አንባቢው ሰዎቹን ከመተዋወቁ አስቀድሞ አገሩን ይተዋወቃል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» በተሰኘው በ1966 ዓ.ም. መድበሉ ውስጥ አዋሽን ርእስ አድርጎ መግጠሙ በአማርኛ ግጥም ታሪክ ትልቅ ስፍራ አለው። ወንዝ ለሌላ ነገር ማመሳከሪያ ከመሆን አልፎ ራሱን የቻለ ባለ ጉዳይ ሆነ። ከጸጋዬ በኋላ የመጡ ብዙዎች ግን ከእርሱ የወረሱት የድምፁን ግርማ ሲሆን ለወንዙ የሰጠውን ትኩረት አልወረሱም። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ በአቤ ሐይቅ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። ለተከታዮቹ ገጣሚያን ይህ ያልተፈጸመ ምኞት ምሳሌ ሆኖ አገልግሏል። ለአፋር አርብቶ አደር ግን የወንዙ ዳርቻ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት ሣር ነበር። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተሠርቶ፣ የወንጂ ሸንኮራና በታችኛው ተፋሰስ የተንዳሆ ጥጥ ሲስፋፋ፣ ያ ዳርቻ እየጠበበ ሄደ። ወንዙን የአገር ዕጣ ፈንታ ምሳሌ አድርጎ የሚገጥም ብዕር በዳርቻው የሚኖረውን ሰው ከዓይኑ ካጣ፣ ምሳሌው የቱን ያህል ቢያምር እውነትነቱ ይጎድላል።

፬

የኪነት ዝምታ በመሬት ላይ ዋጋ ያስከፈለበት ምሳሌ የአብዮቱ ዘመን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ለዘመናት ለጭሰኛው የተነፈገው መብት ተመለሰለት። ዐዋጁ በዘፈን፣ በግጥምና በቴያትር ተከብሯል፤ መከበርም ነበረበት። በዚያው ጊዜ ግን በመንዝ ራስ ላይ አንድ ሌላ ነገር ፈረሰ።

መንዝ ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ውርጭ የሚመታው ከፍተኛ ሜዳ ነው። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚሆነው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። የአገሩ ሰው ይህን ሣር ከ300 ዓመት በላይ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። አባ ጌራ የተባሉ ሹማምንት ይመረጣሉ፤ ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ደፍሮ የገባ ይቀጣል፤ ሣሩ በቂ ሆኖ ሲገኝ ቀን ተቈርጦ ይከፈታል፤ ድርቅ ሲጠና ደግሞ ለከብቱ መጠጊያ ይሆናል። ሥርዓቱ የቆመው በአጽመ ርስት ላይ ስለ ነበረ ርስት የሌለውን ሰው ያገልል ነበር። አዲሱ ሕግ አጽመ ርስትን ሲሽር የርስቱን አድልዎና የጥበቃውን ጥበብ በአንድነት አነሣ። ሣሩ የሁሉም ሆነና ጠባቂ አጣ። ኋላ ነዋሪው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ እስኪያቆም ድረስ ሜዳው ብዙ ተጎዳ።

ለቴያትር ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ተቃርኖ አይገኝም። በአንድ ወገን ፍትሕ፣ በሌላው ወገን ጥበቃ ቆመዋል፤ ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው ይቆስላል። የዘመኑ መድረክ ግን ተቃርኖን በጌታና በጭሰኛ መካከል ብቻ ለማየት የለመደ ስለ ነበረ ይህን አላስተዋለም።

ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በፊትና በኋላ በተራቆቱት የሰሜን ኮረብታዎች ላይ ሰፊ የእርከንና የደን ተከላ ሥራ ተካሄደ። ገበሬው «ምግብ ለሥራ» በሚባለው ፕሮግራም ስንዴና ዘይት እየተቀበለ ቆፈረ፣ ካበ፣ ተከለ። የየአካባቢው የኪነት ቡድኖች ስለ ዘመቻው ዘመሩ፤ ፖስተሮች ተለጠፉ። በእነዚያ ሥራዎች ውስጥ የሚታየው ገበሬ ክንዱ የፈረጠመ፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ የዞረ፣ አካፋ የያዘ ነው። «ዛፉ ሲያድግ የማን ነው?» የሚል ድምፅ በመዝሙሩ ውስጥ አይሰማም። ገበሬው ግን በልቡ ይህንኑ ይጠይቅ ነበር። መልሱም በ1983 ዓ.ም. ታወቀ። መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ስፍራ የማኅበረሰብ ደን ተብሎ የተተከለው በጥቂት ወራት ተጨፈጨፈ። የቆረጠው ሕዝብ ደን ጠል አልነበረም፤ ዛፉን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ያየው ነበር። ኪነት ያንን ጥያቄ በወቅቱ ከመድረክ አንሥታው ቢሆን ኮረብታዎቹን ሁሉ ታድን ነበር ማለት ማጋነን ነው። ሆኖም ጥያቄው መኖሩን አስተዳዳሪው ከመጥረቢያው በፊት ሊሰማው ይችል ነበር።

፭

ሌላው የሐያሲን ዓይን የሚሻ ነገር «ደን» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በንግግርም በመጻሕፍትም ለብዙ ዘመን ሲደጋገም የኖረ አንድ አባባል አለ፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን ተሸፍኖ ነበር፣ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ግን 3 በመቶ ያህል ቀረ የሚል ነው። በክፍለ ዘመኑ መባቻ አገሪቱን የለካ የደን ቆጠራ አልተካሄደም። ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ማካን በ1989 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት የዚህን አባባል አመጣጥ መርምሮ መሠረቱ ደካማ መሆኑን አሳይቷል። የደን መመናመኑ እውነት ነው፤ አባባሉ ግን ታሪኩን በአንድ ትልቅ ሐዘን ጠቅልሎታል። በዚህ ሐዘን ውስጥ ዛፍ ቆራጩ ሁልጊዜ ገበሬው ነው፤ ለዘመናት ዛፍ ሲያቆይ የኖረው ገበሬ አይታይም።

ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «ደን» አዲስ ትርጓሜ ተሰጠው። ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የጥላ ሽፋን ያለው ሁሉ ደን እንዲባል ተወሰነ። በዚህ መለኪያ በቆላው የሚገኘው የግራርና የቀርከሃ ምድር በደንነት ስለ ተቈጠረ የአገሪቱ የደን ሽፋን 15 በመቶ ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። አንድ ዛፍ ሳይበቅል ቁጥሩ አደገ። ለውጡ የራሱ ሳይንሳዊ ምክንያት አለው፤ የቆላው ዛፍም ዛፍ ነውና መቈጠሩ ይገባል። ነገር ግን የቃል ባለሙያ የሆነው ገጣሚ ቃሉ ሲሰፋና ሲጠብ ማስተዋል የሥራው ድርሻ ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚታየው 40 እና 3 የሚሉትን ቁጥሮች ተቀብሎ በስንኝ መደርደር የሌላውን ሙሾ መዋስ ነው።

፮

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ገለጠ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ዘመቻው ይደገማል፤ ዘፈኑ፣ ግጥሙና የመድረክ ዝግጅቱም አብሮ ይደገማል። በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ አፈር እንዲነካ ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ለሂስ የሚቀርበው ዘመቻውን ያጀበው ኪነት ነው።

በየፖስተሩ የሚደጋገመው ሥዕል ሁለት መዳፎች ጥቂት አፈርና አንድ ለጋ ቅጠል አቅፈው የሚታዩበት ነው። መዳፎቹ የማን እንደ ሆኑ አይታወቅም። ቦታው አይታወቅም። ቅጠሉም ጽድ ይሁን ዝግባ፣ ዋንዛ ይሁን ባሕር ዛፍ አይለይም። ይህ ሥዕል በየትኛውም አገር ግድግዳ ላይ ቢሰቀል አይቸገርም፤ ድክመቱም ይኸው ነው። ባሕር ዛፍ በአምስትና በስድስት ዓመት ለቋሚ ይደርሳል፤ ጽድ የልጅ ልጅ ይጠብቃል። የትኛው ዛፍ እንደ ተተከለ ካልተነገረ ማን እንደሚጠብቀው፣ ለማንስ እንደሚሆን ሊነገር አይቻልም። የግጥሞቹም አካሄድ ከዚህ የራቀ አይደለም። ግሦቻቸው «እንትከል፣ እናልብስ፣ እንነሣ» የሚሉ የትእዛዝ ግሦች ናቸው፤ ሁሉም የሚያበቁት በሐምሌ ነው። በመጋቢት ውሃ ተሸክሞ ኮረብታውን የሚወጣ ሰው በስንኞቹ ውስጥ አይገኝም።

የባሕር ዛፍ ታሪክ በዚህ ረገድ ያስተምራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የማገዶ እጦት ስለ ጠናባት አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከባሕር ማዶ መጥቶ ከ1880ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ የተስፋፋው ተክል ከተማይቱን በስፍራዋ አቆማት፤ ስሙም መምጫውን ይናገራል። ይህን ዛፍ አንዳንዱ አፈር ያደርቃል ብሎ ይረግመዋል፤ ገበሬው ደግሞ ልጁን ያስተማረበት ገንዘብ ስለ ሆነ ይወደዋል። በእንጦጦ ቁልቁለት ከ30 ኪሎ የሚበልጥ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ይዘው የሚወርዱት ሴቶች የዚሁ ታሪክ ሕያው ምዕራፍ ናቸው። እነዚህ ሴቶች በአዲስ አበባ የሥዕል መሸጫዎች ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ጎንበስ ብለው፣ ፊታቸው ሳይታይ፣ ሸክማቸው በምሽት ፀሐይ ወርቅ መስሎ ተሥለዋል። ሠዓሊው የሸክሙን ቅርጽ ወደደ፤ ክብደቱን ግን አልመዘነም። ሴትዮዋ ከደን ጠባቂው ጋር በየማለዳው የምትገጥመው ድርድር፣ ቤቷ የሚጠብቃት ምድጃ፣ እንጨቱን የሚገዛት የከተማ ሰው በሸራው ላይ ስፍራ አላገኙም።

፯

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ የቆመ አንድ ጥንታዊ አብነት አለ። በጎንደር የሚገኘው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በጣሪያው ላይ በተሣሉት ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች በዓለም ይታወቃል። ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ተጽፏል፤ በውጭ ስላሉት ዛፎች ግን የሥነ ጥበብ ጸሐፊዎች እምብዛም አያነሡም። ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ባለው ቅጥር ውስጥ በዛፍ ተከቦ ቆሟል። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህን ደብር ያዳነው ከቅጥሩ የወጣ የንብ መንጋ ነው ተብሎ ይተረካል። ትረካው እንደ ትረካነቱ ይወሰድና ምን እንደሚል ይስተዋል፤ ሥዕሉን ደኑ ጠበቀው ይላል። ካህናቱ ውስጡንና ውጭውን፣ ቅቡንና ቅጠሉን፣ እንደ አንድ ሥራ ሲይዙት ኖረዋል።

ይህ የአንድ ደብር ነገር አይደለም። በደቡብ ጎንደር በአየር ላይ ሆኖ ለሚመለከት፣ በታረሰው ቡናማ ምድር መካከል እዚህም እዚያም እንደ ማኅተም የታተሙ አረንጓዴ ክቦች ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ መካከል አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። የደን ሊቁ ዓለማየሁ ዋሴ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ባካሄዱት ጥናት ከ160 የሚበልጡ የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች አግኝተዋል። በአንዳንዶቹ ዘንድ ምእመናኑ ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው የካብ አጥር ስለ ሠሩ ከብት መግባቱን ትቶ ታዳጊው ዛፍ ዳግም ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ድንጋዩ ከማሳው ሲነሣ እርሻውም ተጠቀመ። እንዲህ ያለ ጥበቃ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ክፍለ አገር ብቻ አለመሆኑን ሌሎች ስፍራዎች ይመሰክራሉ። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ የድንጋይ እርከን ከ400 ዓመት በላይ በየትውልዱ እየተካበና እየተጠገነ የመጣ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የተመዘገበው የጌዴኦ መልክአ ምድር እንሰትንና ቡናን ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር አኑሮ ብዙ ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ ያኖራል። በሦስቱም ዘንድ ሥራው የሚፈጸምበት ቀን የለውም፤ መጠገን ነው፣ እንደገና መጠገን ነው።

፰

እንዲህ ያለውን ነገር ኪነት በምን ቅርጽ ይያዘው? ጥያቄው ከባድ ነው። መትከል ትእይንት ነው፤ ጀማሪና ፍጻሜ አለው። መቁረጥም እንዲሁ ነው። መጠበቅ ግን ዕለት ዕለት የሚደጋገምና ከውጭ ሲታይ ምንም ያልተደረገ የሚመስል ሥራ ስለ ሆነ ለድራማ አይመችም ይባላል። ይህ አባባል ስሕተት መሆኑን የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ።

አንቶን ቼኾቭ «አጎት ቫኒያ» በተባለው ተውኔቱ ሐኪሙን አስትሮቭን ደን ተካይና ደን ጠባቂ አድርጎ ሥሎታል። አስትሮቭ የወረዳውን ካርታ ዘርግቶ ከ50 ዓመት በፊት፣ ከ25 ዓመት በፊትና በዘመኑ የነበረውን የደን ስፋት እያነጻጸረ ያስረዳል። የምትሰማው ሴት ግን ልቧ ሌላ ዘንድ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ስለ ደን የሚሰጠውን ስብከትና የስብከቱን አለመሰማት በአንድ ትእይንት አስቀመጠ፤ ተመልካቹም ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ራሱን ይጠይቃል። «የቼሪ አትክልት ስፍራ» በተባለው ሥራው ደግሞ በመጨረሻ ከሚሰማው የመጥረቢያ ድምፅ ይልቅ የሚያሳዝነው ቀደም ብሎ የሚነገር አንድ ትንሽ ነገር ነው። ሽማግሌው አሽከር ፍሬው በድሮ ዘመን እንዴት ደርቆ ለገበያ ይላክ እንደ ነበር ያነሣል፤ ዘዴውን ግን የሚያውቅ ሰው አልቀረም። ዛፎቹ ከመቆረጣቸው በፊት የዛፎቹ ዕውቀት ሞቷል።

ከአገራችን ሥራዎች የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚጠቀስ ነው። በ1968 ዓ.ም. የወጣው ይህ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ፊልም የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብን ኑሮ ሲያሳይ ካሜራው አይቸኩልም። በሬ ሲጠመድ፣ ፈር ሲወጣ፣ ከብት ሲነዳ የሚወስደውን ጊዜ ለሥራው ይሰጠዋል። የተመልካቹ ትዕግሥት ሲፈተን የገበሬው ትዕግሥት ምን ያህል እንደ ሆነ ይገባዋል። ፊልሙ ስለ መሬት ባለቤትነት እንጂ ስለ ደን አይደለም። ሆኖም የመጽደቅ ኪነት የሚያስፈልገውን ዋና መሣሪያ አስገኝቷል፤ ይኸውም ሥራው የሚጠይቀውን ጊዜ ሳይሸራርፉ መስጠት ነው። ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ ይህን መሣሪያ አንሥቶ በኮንሶ እርከን፣ በጓሳ ሜዳ ወይም በአንድ ደብር ቅጥር ላይ የሞከረ ሠሪ በብዛት አለመገኘቱ ያስቈጫል።

፱

እንግዲህ ከገጣሚው፣ ከሠዓሊውና ከጸሐፌ ተውኔቱ የሚጠበቀው ዘመቻውን መተው ወይም ሙሾውን ማቆም አይደለም። ክረምት ሲመጣ ይዘመር፤ ዝግባ ሲወድቅ ይለቀስ። ነገር ግን ዛፉ በስሙ ይጠራ፤ ኮረብታው በስሙ ይጠራ፤ ጠባቂው ደመወዝና ቤተሰብ ያለው፣ ከዘመዱ ፍየል ጋር የሚጣላ ሰው ሆኖ ይቅረብ። ለማገዶ የምትወጣውም ሴት ፊቷ ይታይ፤ እርሷና ጠባቂው ፊት ለፊት ሲቆሙ ሁለቱም እውነት እንዲናገሩ ይፈቀድላቸው። የተዘጋው ሜዳ ሲከፈት ማን ቀድሞ ይገባል? ድሀው ስንት ነዶ ይደርሰዋል? አጥር የዘለለው የሹሙ ልጅ ሲሆን ምን ይፈረዳል? እነዚህ ጥያቄዎች በየቀበሌው በየዕለቱ ይነሣሉ፤ ባለ ድርሻዎቹም ከማንኛውም የተውኔት ገጸ ባሕርይ ባልተናነሰ አንደበት ይከራከሩባቸዋል።

ለዘመቻ የሚገጠሙትንም ግጥሞች ለመመዘን ቀላል መንገድ አለ። በሐምሌ በአንድ ኮረብታ ላይ በድምፅ ማጉያ የተነበበው ግጥም ከሦስት በጋ በኋላ፣ በመጋቢት፣ ያለ ድንኳንና ያለ እንግዳ፣ በዚያው ኮረብታ ላይ ለጠባቂውና ለእረኞቹ ይነበብላቸው። ሰምተው የሚሉትም ተጽፎ ከግጥሙ ጎን ይታተም።